ፈጣኑ የሰጣት አድራሻ

ሥራ ቦታ በስሟ የሚጠራት የለም። ሚሊ ነው የሚሏት፤ ከሚሊሰከንድ፣ ከሰከንድ አንድ ሺህኛ፣ የተቆረጠ ነው። አሥራ አንድ ዓመት በኔትዎርክ ጥገና ስትሠራ፣ "ኢንተርኔቱ ዛሬ ይንቀራፈፋል" የሚል ሰው በመጣባት ቁጥር "በስንት ሚሊሰከንድ?" ብላ ስለምታፋጥጥ ነው ያወጡላት። መጠበቅ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ሊፍት እስኪወርድ አትቆምም፣ በደረጃ ትሮጣለች። ሻይ እስኪበርድ አትታገስም፣ ምላሷን ታቃጥላለች። አንድ ቦታ ረጋ ብላ የምትታየው የሆነ ነገር ስትለካ ብቻ ነው።

ውጭ አገር የመጣችው አባቷን ለማሳከም ነበር። አባቷ ሰላሳ አንድ ዓመት ከባድ መኪና ነድተው ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። ከልባቸው ቫልቮች አንዱ በደንብ አልከፈት ብሎ፣ አምስት ደረጃ ሲወጡ ዳገት ላይ እንደቀረ አሮጌ ሞተር ያለከልካሉ። ቀዶ ጥገናው ለሐሙስ ጠዋት ተቀጥሯል፤ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ሆስፒታል ይገባሉ። እስከዚያው ከሆስፒታሉ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ በሚገኝ የእንግዳ ማረፊያ፣ ምድር ቤት ባለች ባለ ሁለት አልጋ ክፍል ተቀምጠዋል። መስኮቷ ወደ ልብስ ማስጫው ነው የሚያየው፤ ሁልጊዜ የሰው አንሶላ ይውለበለብበታል።

ሰኞ ጠዋት ቁርስ ላይ፣ አባቷ ዳቧቸውን ሻይ ውስጥ እየነከሩ ድንገት "ያን ልጅ አገናኚኝ" አሏት።

"የትኛውን ልጅ?" አለች። የትኛው እንደሆነ ጠፍቷት አይደለም።

"ስንት ወንድ ልጅ አለኝ? ወንድምሽን ነዋ! በቪዲዮ ይሁን። ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ።"

"ከቀዶ ጥገናው በኋላ ቢሆንስ አባዬ? ሐኪሙ እኮ እንዳይጨነቁ ብሏል።"

"በኋላ የሚባል ነገር መኖሩን በምን አወቅሽ?" አሉና ዳቧቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ነገሩ አለቀ።

አባትና ልጅ ከተኳረፉ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። መኪናውን ከአባቱ የተረከበው ወንድሟ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ መሪው ላይ እንቅልፍ ጣለው፤ መኪናው ተገለበጠ። አጠገቡ የተቀመጡት የአባቷ የሃያ ዓመት ባልደረባ፣ ሁሉም ጋሼ የሚላቸው መካኒክ ነበሩ። እናታቸው በሕይወት ሳለች "ባሌ ከእኔ ይልቅ ከጋሼ ጋር ያደረበት ይበዛል" እያለች ትቀልድባቸው ነበር። የጋሼ ግራ እግር ከጉልበት በታች ተቆረጠ። አባቷ በሆስፒታሉ ኮሪደር፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ከእንግዲህ ልጅ የለኝም! ደጄን እንዳትረግጥ!" አሉት። ልጁም አልረገጠም። አንድ ወደብ ከተማ ሄዶ ብየዳ ተማረ፤ የመርከብ ብረት ሲበይድ ይውላል።

ሚሊን ያስጨነቃት ግን ይህ አልነበረም። የእሷ ጉዳይ ሌላ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ወንድሟ የአራት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ልኮላት ነበር፤ "ለአባዬ አሰሚልኝ" ብሎ። የዚያን ሳምንት አባታቸው ደም ግፊታቸው አሻቅቦ ተኝተው ነበር፣ ሐኪሙም ምንም የሚያስቆጣ ነገር እንዳይሰሙ አስጠንቅቋል። ትንሽ ይሻላቸው ብላ አቆየችው። ወንድሟ ግን በየቀኑ ይጠይቃል፤ "ሰሙት? እንዴት ነው፣ ሰሙት?" በዘጠነኛው ቀን ሰለቻትና "ሰምተውታል" አለችው። "ምን አሉ?" ሲላት "ዝም አሉ" አለች። በሚቀጥለው ሳምንት አሰማቸዋለሁ፣ ያኔ ውሸቱ እውነት ይሆናል ብላ ነበር። ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩ ዓመት ሆነ። መልእክቱ አሁንም ስልኳ ውስጥ ነው። ወንድሟ ከዚያ በኋላ ስለ አባቱ ጠይቋት አያውቅም።

ለወንድሟ "አባዬ ሊያዩህ ይፈልጋሉ። ነገ በምሳ ሰዓትህ እንደውላለን" ብላ ጻፈችለት። አንድ ሰዓት ሙሉ መልስ አልመጣም። ከዚያ "ራሳቸው ናቸው ያሉት?" የሚል መጣ። "ራሳቸው።" "እሺ።"

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መቀመጥ አልቻለችም። የሻንጣውን ልብስ አውጥታ እንደገና አጠፈች። የአባቷን መድኃኒቶች በቁመታቸው ደረደረች፣ ቀጥሎ በሚወሰዱበት ሰዓት ደረደረች። ሆስፒታሉ በኢንተርኔት እንድትሞላው ያዘዛትን ፎርም ለመክፈት ላፕቶፗን ዘረጋች። ገጹ ነጭ ሆኖ ቆመ። ቆመ። ቆመና በስንት ጊዜው አንዴ ብቻ ብልጭ ብሎ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። ሁለተኛው ገጽም እንደዚያው።

ፊቷ በራ ማለት ይቻላል። ይህን በሽታ ታውቀዋለች። መስመሩ ቀርፋፋ ቢሆን ኖሮ ገጹ ቁርጥራጩን እያንጠባጠበ ነበር የሚከፈተው። እንዲህ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ከዚያ አንዴ ዱብ ሲል፣ ችግሩ መስመሩ ሳይሆን ዲኤንኤስ የሚባለው ነው። ሰው የድረ ገጽ ስም ይጽፋል፤ ማሽን ደግሞ ስም አያውቅም፣ ቁጥር ነው የሚፈልገው። ስሙን ወስዶ ቁጥሩን የሚያመጣው አገልጋይ ነው ዲኤንኤስ። የእንግዳ ማረፊያው አገልጋይ እንቅልፋም ነበር። ለማንም ሰው ክፍት የሆኑ ሌሎች ግን በዓለም ላይ ሞልተዋል። ከእነሱ አምስቱን መረጠች፤ ለእያንዳንዳቸው ሃያ ስም አምስት አምስት ጊዜ የምትጠይቅ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈችና የመልሳቸውን ፍጥነት መለካት ጀመረች።

"ምንድነው የምትሠሪው?" አሉ አባቷ ከአልጋቸው።

"ኢንተርኔቱን እያስተካከልኩ ነው፣ ነገ እንዲያገናኘን።"

እውነቷን ነበር። ግን ደግሞ እጇ ሥራ ላይ እስካለ ድረስ ነገን ማሰብ አይጠበቅባትም።

ውጤቱን በማስታወሻ ደብተሯ ላይ ጻፈች። የማረፊያው አገልጋይ ሦስት መቶ አርባ ሚሊሰከንድ፣ አንዳንዴም ጭራሽ ዝም። ከአምስቱ አንዱ ዘጠኝ ሚሊሰከንድ ነበር፤ ዓይን ከሚርገበገብበት ያነሰ ጊዜ። እሱን "ፈጣኑ" አለችው። የመጨረሻው አርባ ስምንት ሆነ፤ "ሽማግሌው" ብላ ከሥሩ አሰመረችበት። የቀሩት በመካከል ናቸው።

ኢንተርኔቱን ለክፍሎቹ የሚያከፋፍለው ዋናው ሳጥን ያለው ኮሪደር ውስጥ፣ ከእሳት ማጥፊያው በላይ ነው። ባለቤቲቱን ማስፈቀድ አለባት። ሴትየዋ ነጠላ ጫማ የምትጎትት፣ ሁልጊዜ የምታንጎራጉር ወፍራም ሴት ናት፤ ቋንቋ ስለማይግባቡ በስልክ ተርጓሚ ነው የሚነጋገሩት። ሚሊ ሳጥኑን እያሳየች ጠየቀቻት። ሴትየዋ ስልኩ ላይ ተናገረች፤ ስልኩም ኮስተር ባለ ድምፅ "ሳጥኑን ማግባት ትችያለሽ፣ ከእኔ በኩል ተቃውሞ የለም" ብሎ ተረጎመ።

ከክፍሉ የአባቷ ሳቅ ተሰማ። "እንኳን ደስ አለሽ ልጄ! እኔም ተቃውሞ የለኝም። ቢያንስ ሥራ አለው!"

በላፕቶፗ ሳጥኑ ውስጥ ገብታ በማረፊያው አገልጋይ ፈንታ ፈጣኑን አስቀመጠች። ገጾቹ ገና ሳይነኩ መከፈት ጀመሩ። ከፊት ለፊት ክፍል የሚኖር አንድ እንግዳ በር ላይ ብቅ ብሎ አውራ ጣቱን አሳያት። እሷ ግን አልረካችም፤ ምሳ ስትበላ ለካች፣ ከምሳ በኋላ ለካች፣ አባቷ ሲያሸልቡ ለካች። ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ አሥር፣ ዘጠኝ።

በማግስቱ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ እዚያ አገር ቤት ስድስት ሰዓት ሆኖ ወንድሟ ለምሳ ሲወጣ፣ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ደወለች። አባቷ ሸሚዛቸውን ቀይረዋል። ጢማቸውን ተላጭተው አገጫቸው ላይ ትንሽ ቆርጧቸዋል፤ ቁራጭ ወረቀት ለጥፈውበታል።

ወንድሟ ብቅ አለ። ፊቱ በአራት ማዕዘን ቁርጥራጭ የተሠራ ይመስላል። "ደህና ነህ?" አሉ አባቷ። ዝምታ ሆነ። አባቷ ያልሰማ መስሏቸው ደግመው ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ የእሱ "ደህና ነኝ አባዬ" መጣ፤ የሁለቱ ድምፅ ተጋጨ፣ ሁለቱም ዝም አሉ፣ ሁለቱም ጠበቁ፣ ሁለቱም አንድ ላይ ጀመሩ።

"አንተ ቅደም" አሉ አባቷ።

"አባዬ... ያኔ የላኩልዎትን..." አለና ወንድሟ አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ። ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረ።

ሦስት ጊዜ ደጋግማ ደወለች። ሦስቴም እንደዚያው። በመጨረሻ "ምሳ ሰዓቴ አለቀ፣ ነገ እሞክራለሁ" የሚል ጽሑፍ ላከ።

"ምን ልኮልኝ ነበር?" አሉ አባቷ።

"እ?"

"'ያኔ የላኩልዎትን' አለ እኮ። ምን ልኮልኝ ነበር?"

"አልሰማሁትም አባዬ። ድምፁ ይቆራረጥ ነበር።"

ላፕቶፑን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ስክሪኑ ሲጠቁር ምን እንደተሰማት ታውቃለች፤ ደስ ብሏት ነበር። አባቷ ከሁለት ቀን በኋላ ደረታቸው ሊከፈት፣ ወንድሟ አምስት ዓመት ሲጠብቅ የኖረው ፊት ሊታይ፣ እሷ መስመሩ በመቋረጡ "ተመስገን" ብላለች። ግድግዳውን ተደግፋ ለካች። ሁለት መቶ ዙር። ዘጠኝ ሚሊሰከንድ። እንከን የለሽ።

"ያንተ መስመር ነው" ብላ ለወንድሟ ጻፈችለት።

"የእኔ ደህና ነው። ከባልደረቦቼ ጋር ሁልጊዜ በቪዲዮ እናወራለን። ያንቺ ነው" አላት።

ከሰዓት በኋላ አባቷን ቀስ ብላ ለአየር አወጣቻቸው። ሐኪሙ ትንሽ ትንሽ ይራመዱ ብሏል። በቆርቆሮ የታጠረ ሕንፃ ግንባታ፣ የመነጽር መሸጫ፣ ቁልፍ የሚቀርጽ ሰው የተቀመጠባት ጠባብ ሱቅ አለፉ። እሷ ሦስት እርምጃ እየቀደመች ትቆማለች፣ ትመለሳለች፣ እንደገና ትቀድማለች።

"ምን ያቁነጠንጥሻል? ነዳጅ ልትሞዪ ነው?" አሉና ሆስፒታሉ በር ፊት ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። "ነይ ተቀመጪ። ሁለት ቀን ሙሉ ምንድነው እንዲህ የምትጠይቂው ማሽን?"

ነገረቻቸው። ስምና ቁጥር፣ አድራሻ ጠያቂና አድራሻ ነጋሪ። ከአምስቱ የትኛው ቶሎ እንደሚመልስና እሷም እሱን እንደመረጠች።

አባቷ ትንሽ አሰቡ። "አንድ ጊዜ ሲሚንቶ ጭኜ ወደማላውቀው ከተማ ሄድኩ። ለሚሠራ ትምህርት ቤት ነው። መግቢያው ላይ አንድ ጎረምሳ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። 'አዲሱ ትምህርት ቤት...' ብዬ ሳልጨርስ 'በዚህ!' አለኝ። እኔም በዚህ ሄድኩ። ሃምሳ ኪሎ ሜትር! ወንዙን ዞሬ፣ ድንጋይ ስዘል ውዬ፣ ጋሼ አጠገቤ እየተሳደበ፣ ደረስን።"

"ዋሸዎት?"

"አልዋሸም! ትምህርት ቤቱ እዚያ ነው። አጥሩ ረጅም ነው፣ በጀርባው አደረሰኝ እንጂ። በሚቀጥለው ዙር አንዲት ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ጠየቅኩ። እሷ መልስ በመስጠት ፋንታ 'ከየት በኩል ነው የመጣኸው?' አለችኝ። ተናደድኩ። አንቺ ምን አገባሽ፣ ቸኩያለሁ አልኩ። ከየት እንደመጣሁ ስነግራት ግን የአሥር ደቂቃ መንገድ አሳየችኝ። ያኛው ጎረምሳ እኮ ለመጣው ሁሉ ያንኑ አንድ መንገድ ነው የሚናገረው።"

ሚሊ ከወንበሩ ብድግ አለች።

"ደግሞ ምን ሆንሽ?"

"ምንም። ምንም አልሆንኩም። እንሂድ አባዬ?"

"አሁን እኮ ነው የተቀመጥኩት!"

ክፍላቸው ሲገቡ ጫማዋን ሳታወልቅ ላፕቶፑን ከፈተች። የቪዲዮ አገልግሎቱ በየአገሩ ማሽን አለው፤ ስሙ ግን አንድ ነው። ያንን ስም ፈጣኑን ጠየቀችው። በዘጠኝ ሚሊሰከንድ አድራሻ ሰጣት። አድራሻው ትክክል ነበር፣ ግን በሌላ አህጉር የሚገኝ ማሽን ነው፤ ድምፅ እዚያ ደርሶ እስኪመለስ ሦስት መቶ ሚሊሰከንድ፣ አንዳንዴም መንገድ ላይ ይቀራል። ሽማግሌውን ጠየቀችው። አርባ ስምንት ሚሊሰከንድ ፈጀበት። እሱ ግን ጥያቄው ከየት አካባቢ እንደመጣ አይቶ ነው የሚመልሰው፤ የሰጣት አድራሻ እዚችው ከተማ ውስጥ ያለ ማሽን ነበር። እዚያ ደርሶ መመለሻው አሥራ ሁለት።

ሁለት ቀን ሙሉ የተሳሳተ ነገር ስትለካ ኖራለች። ማን ቶሎ እንደመለሰ እንጂ የት እንደላካት አልጠየቀችም። መጀመሪያ ያፈረችው በሙያዋ ነበር፤ ሥራ ቦታ ቢሰሙ ዓመቱን ሙሉ መቀለጃ ትሆናለች።

ሳጥኑ ውስጥ ገብታ ፈጣኑን አውጥታ ሽማግሌውን አስገባች። ለሙከራ ለአንዲት የሥራ ባልደረባዋ ደወለች፤ ምስሉ እንደ መስታወት ጠራ። ባልደረባዋ "ሚሊ፣ ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?" አለቻት። "የመብራቱ ነው" ብላ ዘጋች።

ከዚህ በኋላ የሚያቋርጣቸው ነገር አልነበረም። ነገ ጠዋት ወንድሟ "ያኔ የላኩልዎትን" ብሎ ይጀምራል፣ ይጨርሰዋልም።

ልትመልሰው ትችል ነበር። ይህንን አሰበችው፤ አላሰብኩትም ብላ ለማንም አልማለችም። ፈጣኑን መልሶ ማስገባት የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው። አባቷ እኩለ ቀን ላይ ሆስፒታል ይገባሉ፣ "መስመሩ እምቢ አለ" ትላለች፣ ማንም አይጠረጥርም። ከዚያ ሐሙስ አለ። ሐሙስ ማታ አባቷ በሕይወት ካሉ ሌላ ቀን ይኖራል፤ ከሌሉ ደግሞ... እዚህ ላይ ስትደርስ ላፕቶፑን ከደነችው። ከሌሉ፣ ወንድሟ ዕድሜ ልኩን አባቴ ይቅርታዬን ሰምቶ ዝም አለኝ እያለ ይኖራል።

ረቡዕ ጠዋት ሻንጣው በር ላይ ተዘጋጅቷል። አባቷ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የጫማቸውን ማሰሪያ ይታገላሉ። ተንበርክካ አሰረችላቸውና ከዚያው ሳትነሳ "አባዬ፣ ከመደወሌ በፊት አንድ ነገር ይስሙልኝ" አለች።

ስልኩን አልጋው ላይ አድርጋ ከፈተችው።

መጀመሪያ የመዶሻ ድምፅ ነበር፤ ከዚያ በር ሲዘጋ፤ ከዚያ የወንድሟ ድምፅ። "አባዬ፣ እኔ ነኝ። እየበሉ ከሆነ ይቅርታ። ... እንቅልፍ እየመጣብኝ እንደነበር አውቄው ነበር። ጋሼም 'ቁም፣ ፊትህን ታጠብ' ብሎኝ ነበር። ያላቆምኩት የሾፌር ልጅ እንቅልፍ አሸነፈው እንዳይባል ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ጋሼ ጋ በየወሩ እሄዳለሁ። ደረጃው ስለሚያስቸግረው መደገፊያ ብረት በይጄለታለሁ፤ 'አባትህ ቢያየው ጠማማ ነው ይልሃል' አለኝ። ጠማማ አይደለም አባዬ። ለክቼዋለሁ። ..." የቀረው ይቅርታ ነበር፤ ብዙ ቦታ ላይ ድምፁ ይጠፋል።

አባቷ እስኪያልቅ ዓይናቸውን ከስልኩ አላነሱም። "ድገሚው" አሉ። ደገመችው።

"መቼ ነው የላከው?"

"ሦስት ዓመት አልፎታል።"

"አንቺ ጋ ነበር?"

"እኔ ጋ ነበር። ያኔ ታመው ነበር፣ እንዳይቆጡ ብዬ... ኋላ ደግሞ... እሱ የሰሙት ይመስለዋል አባዬ። ሰምተዋል አልኩት። ምን አሉ ሲለኝ ዝም አሉ አልኩት።"

አባቷ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ሚሊ በርግጋ ተነሳች፤ "አመመዎት? ልብዎን ነው? ሐኪም ልጥራ?"

"ልቤን ተዪው። እሱ ነገ ይታያል" አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ ቢጮሁባት ይሻላት ነበር። "እኔ ክፉ ተናግሬዋለሁ። የተናገርኩትን አውቀዋለሁ፣ የእኔ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ያልኩት ግን እኔ አይደለሁም። ያላልኩትን ዝምታ በእኔ ስም ሰጠሽው።"

"ይቅር ይበሉኝ።"

"መጀመሪያ ደውዪ።"

ደወለች። ወንድሟ በአንድ ጊዜ፣ ጥርት ብሎ፣ የዓይኑ ሥር ጥላሸት ሳይቀር ታየ። ከበስተጀርባው አንድ ሰው ብረት ሲበይድ ብልጭታው ይፈናጠራል። የብየዳ ጓንቱን ሳያወልቅ ነበር የተቀመጠው።

"ጢም አሳድገሃል" አሉ አባቷ።

"አዎ አባዬ።"

"አያምርብህም።"

ወንድሟ ጢሙን በጓንቱ ዳሰሰ። "እላጨዋለሁ" አለ። ከዚያ "አባዬ፣ ያኔ የላኩልዎትን ድምፅ..."

"ዛሬ ነው የሰማሁት" አሉ አባቷ።

"እ?"

"ዛሬ። ሩብ ሰዓት አይሆነውም። ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። እህትህ ጋ ተቀምጦ ነበር።"

መስመሩ አልተቋረጠም። ከኋላው ብልጭታው ይንቀሳቀሳል። ወንድሟ ጓንቱን ቀስ ብሎ፣ ጣት በጣት አወለቀ።

"ስማኝ" አሉ አባቷ፣ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው። "እኔም ሁለት ጊዜ እንቅልፍ ጥሎኝ ያውቃል፣ መሪ ላይ። አንዴ ዓይኔን ስገልጥ ጎማው ገደል አፋፍ ላይ ነው። ያንተው ምክንያት ነው ያላስቆመኝ። ጋሼ ያውቃል፣ ሌላ ማንም አያውቅም። ያን ቀን ኮሪደር ላይ ስጮህብህ ጋሼ አልጋው ላይ ሆኖ ይሰማኝ ነበር። አንድም ቀን 'አንተስ?' ብሎኝ አያውቅም። ገባህ? ያንን ብረት መጥቼ አየዋለሁ።"

ወንድሟ ፊቱን በክንዱ ጠረገ፤ ጥላሸቱ እስከ ጆሮው ተዳረሰ። ብዙ አወሩ። ስለ ጋሼ፣ ስለ መርከብ ብረት ውፍረት፣ ሆስፒታሉ ውስጥ ስለሚጠብቃቸው ጨው አልባ ምግብ። ሚሊ ከስክሪኑ ውጭ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። እዚያ የሥራ መግቢያው ደወል ሲደወል ወንድሟ "እሷ እዚያ አለች?" አለ።

"አለች።"

"ማናገር አልችልም አባዬ። አሁን አልችልም።"

"አትችልም፣ እሺ" አሉ አባቷ፣ ከዚያ በላይ አልገፉትም።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አባቷን በተሽከርካሪ አልጋ ወሰዷቸው። ከበሩ ከመግባታቸው በፊት እጇን ያዝ አድርገው "ቁጭ በይ፣ እግርሽ ይረፍ" አሏት። መጠበቂያው ክፍል ወንበሮቹ አረንጓዴ ፕላስቲክ ናቸው፣ እርስ በርስ የተያያዙ፤ አንዱ ሰው ሲነሳ ሁሉም ይወዛወዛሉ። እሷ በየአምስት ደቂቃው ስለምትነሳ አንዲት አሮጊት ከሌላው ጫፍ ሄደው ቆመው መጠበቅ ጀመሩ።

ለወንድሟ ረጅም ጽሑፍ ጻፈች፣ አጠፋችው። ደግማ ጻፈች፣ አጠፋችው። በመጨረሻ "ይቅርታ አድርግልኝ" ብቻ ላከች። እንዳነበበው ምልክቱ ታየ። ከአንድ ሰዓት በኋላ "ወጡ?" አለ።

"ገና።"

በሦስተኛው ሰዓት የሆስፒታሉ አስተርጓሚ መጥታ ደም ትንሽ ስላስቸገራቸው ጊዜ እንደሚወስድ ነገረቻት። "ትንሽ ማለት ምን ያህል ነው?" አለች ሚሊ። "እኔ የተነገረኝን ነው የምልሽ እህቴ" አለች አስተርጓሚዋ። ለወንድሟ እንዳለ ጻፈችለት፤ አንድም ቃል አልቀነሰችም፣ አላለሳለሰችም። "እሺ" አለ። ከዚያ በየሩብ ሰዓቱ "ወጡ?" "ገና።" "ወጡ?" "ገና።" ከመስኮቱ እስከ በሩ አሥራ ዘጠኝ እርምጃ ነበር፤ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰች አልቆጠረችም።

ሰባት ሰዓት ሲል ቀዶ ሐኪሙ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ወጣ። አስተርጓሚዋ ሳትጀምር ነው ሚሊ ከፊቱ ያነበበችው። "ቫልቩ ተቀይሯል። ደሙም ቆሟል። ዛሬና ነገ በደንብ እንከታተላቸዋለን" አለቻት አስተርጓሚዋ። ሚሊ ወንበሩ ላይ ዱብ ስትል አረንጓዴው መስመር በሙሉ ተወዛወዘ።

"ወጡ። ደህና ናቸው። ደም አስቸግሯቸው ነበር፣ ቆሟል። ሁለት ቀን ይከታተሏቸዋል" ብላ ላከች።

ወንድሟ "ተመስገን" አለ። ለእሷ ይሁን ለፈጣሪው አልለየም።

ወደ አገራቸው የተመለሱት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። በእነዚያ ቀናት ወንድሟ በየጠዋቱ ይደውል ነበር፣ በአባቷ ስልክ። እሷ ስታነሳ "አባዬን" ብቻ ይላል።

አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ጢሙን ተላጭቶ፣ ከአንድ ባልደረባው በተዋሰው መኪና ቆሞ ጠበቃቸው። አባቱን ሲያቅፍ ደረታቸውን እንዳይነካ ክንዱን በአየር ላይ ያንሳፍፋል። "እቀፈኝ እንጂ፣ እንቁላል ነኝ እንዴ!" አሉት። የአባቱን ሻንጣ አንስቶ ጫነ። የእሷን ሻንጣ አየው፣ ትንሽ ቆመ፣ እሷ ራሷ ስታነሳው ገለል ብሎ አሳለፋት።

አባቷ ከፊት ተቀመጡ፣ እሷ ከኋላ። ገና ከግቢው ሳይወጡ "ማርሹን እንደዚያ አይያዝም! ማን አስተማረህ?" ተጀመረ። "እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ" አለ ወንድሟ። "እኔ እንደዚህ አላስተማርኩህም።" ሁለቱም ሳቁ። ሚሊ በመስኮቱ ታያለች። ልትናገረው የተዘጋጀችው ነገር ነበር፤ አውሮፕላኑ ውስጥ ሙሉ መንገድ ስታስተካክለው ነው የመጣችው። አሁን ግን አልጀመረችውም።

ዋናው መንገድ ላይ ሲደርሱ ወንድሟ በመስታወቱ በኩል ለአፍታ አያት።

"ቀበቶሽን እሰሪ" አላት።

አሰረች። ወንድሟ ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ፤ አባቷም ስለ ማርሹ ካቆሙበት ቀጠሉ።